ሃያ ሁለቱ ደቂቃ ከመደምሰሱ በፊት

ቀን፦ መስከረም 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምንጨ ሰላም የኢትዮጵያውያን ኅብረት
የሽማግሌዎች ጉባኤ ጽሕፈት ቤት
አቡ ሐሊፋ፥ ኩዌት

ጉዳዩ፦ በሚዲያ አገልግሎት ክፍል ኃላፊ በወንድም ያቤጽ ላፕቶፕ ላይ የሚገኘው የሟች እህት ብዙነሽ የጸሎት ድምፅ ሳይቆረጥ እንዲመለስልኝ፥ የተቆራረጠውም ቪዲዮ ከዩቲዩብ እንዲነሣ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት፥

አመልካች ዮዳሄ ደመቀ እባላለሁ። በሳባህ አል-ሳሌም በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኛነት የምኖር፥ የዚህ ኅብረት የአራት ዓመት አባል ነኝ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በመምህራን ኮሌጅ ሁለት ዓመት አማርኛ ተምሬአለሁ። ይህን ያነሣሁት ከዚህ በታች የሰፈረው እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የተቀመጠ መሆኑን እንድትረዱልኝ ነው። ንዴትም አለበት፤ እርሱም ተመዝኗል።

ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ወንድም ያቤጽ ላፕቶፑን በመጪው ዓርብ፥ ጥቅምት 5 ቀን፥ ፎርማት እንደሚያደርግ ነግሮኛል። ያን ቀን ካለፈ የምጠይቀው ነገር በዓለም ላይ አይኖርም።

1. በግንቦት 2012 ዓ.ም. ሙሉ የሰዓት እላፊ ታውጆ የዓርብ ጉባኤያችን ሲዘጋ፥ ኅብረቱ ስብሰባውን ወደ ዙም አዛወረ። የሚዲያ ክፍሉም «ካሜራውን ያልከፈተ እንደ ቀረ ይቆጠራል» የሚል ደንብ አወጣ። ደንቡን ያወጡት ወንድሞች በማንጋፍ በኩባንያ አፓርታማ የሚኖሩ፥ ከጀርባቸው የፏፏቴ ሥዕል አድርገው የሚቀመጡ ናቸው። በሰው ወጥ ቤት ለምንኖር ሴቶች ከጀርባችን ያለው የማዳም ማቀዝቀዣ ነው። እርሱን ለሕዝብ ያሳየች ሴት፥ ኤርፖርቱ በተከፈተ ማግሥት የምታየው ኤርፖርቱን ነው። ስለዚህ ስማችን ከተሳታፊዎች ዝርዝር ሲሰረዝ ከረመ።

2. በዚያው ወር «የጆሮ መዝገብ» የሚል የቴሌግራም ቡድን ከፈትሁ። ስብከት፥ ምስክርነት፥ ለሥራ የሚያስፈልግ ዐረብኛ፥ የእህቶች ጸሎት በድምፅ እየተቀዳ፥ መጠኑ እንዲያንስ ተጨምቆ ይቀመጥበት ነበር። በድምሩ ስልሳ አንድ ፋይል ነበረው። ዋይፋይ ለሚዘጋባቸው እህቶች በአራት ሚሞሪ ካርዶች እየገለበጥሁ፥ የሰፈራችን ባቃላ፥ ማለት የሸቀጥ ሱቅ፥ ሠራተኛ የሆነው ሸዕባን ከዳቦው ከረጢት ጋር ያደርስልኝ ነበር። ሸዕባን ግብፃዊ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካርዱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ «ይህ ነገር ከፖሊስ ጋር ያጣላኛል?» አለኝ። ጸሎት ነው አልሁት። «ጸሎት ከሆነ እኔንም አስገቡበት፤ ዳቦ በነጻ አይደርስም» አለ።

3. ብዙነሽ ከእኛ ቤት ጀርባ ባለው ቤት ትሠራ ነበር። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ እንጂ የዚህ ኅብረት አባል አልነበረችም። የተዋወቅነው ከሰገነት ወደ ሰገነት፥ ልብስ ስናሰጣ ነው። ሰኔ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ልብስ እየተኮሰች ሃያ ሁለት ደቂቃ ጸለየች፤ በስልኳ ቀድታም ላከችልኝ። ለሌሎች ላሰማው ብዬ ስጠይቃት «አሰሚያቸው፤ ጸሎት ቁልፍ አይገባለትም። ለእየሩሳሌም ግን አንዱን ደብቀሽ አቆዪልኝ» አለችኝ። እየሩሳሌም በሞጣ ከአክስቷ ከወይዘሮ ብርቄ ጋር የምትኖር አንድ ልጇ ናት። ያኔ ወይዘሮ ብርቄ ድምፅ የሚቀበል ስልክ አልነበራቸውም። ብዙነሽ ሐምሌ 9 ቀን በወረርሽኙ ሞተች። አሠሪዎቿ ስልኳን ጠርገው ለተተኪዋ ሰጡ።

4. በየካቲት 2013 ዓ.ም. ጉባኤያችሁ በኅብረቱ አባላት የተከፈቱ ቡድኖች ሁሉ በሚዲያ ክፍሉ ሥር ይሁኑ ብሎ ሲወስን፥ ታዝዤ የቡድኑን ባለቤትነት ለወንድም ያቤጽ አስተላለፍሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቡድኑ ከነፋይሎቹ ጠፋ። ስጠይቅ የደረሰኝ መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «እህት ዮዲ፥ ያለ ፈቃድ ፋይል ማሰራጨት ስርቆት ነው። ስርቆት ኃጢአት እንደሆነ ደግሞ ላንቺ አይነገርም። ተባረኪ።» ከመልእክቱ ጫፍ ለጸሎት የተጣመሩ ሁለት ትንንሽ እጆች ነበሩበት።

የስልሳውን ፋይል ባለቤቶች ፈቃድ በጽሑፍ ተቀብዬ በደብተር መዝግቤአለሁ። ስልሳ አንደኛው የብዙነሽ ነው፤ ፈቃዷን ከላይ በራሷ ቃል ጠቅሻለሁ። ወንድም ያቤጽ ከማጥፋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ደብተሩን በፎቶ እልክለት ነበር። ለመጠየቅ ግን መተየብ ያስፈልጋል፤ ጣቶቹ ደግሞ በሌላ ሥራ ተይዘዋል። ስለዚያ ሥራ በተራ ቁጥር 7 እመለስበታለሁ።

5. በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ያ የተሰረቀ የተባለው ድምፅ በኅብረቱ የዩቲዩብ ገጽ ላይ ወጣ። ርእሱ «ልብ የሚነካ ጸሎት!!! እስከ መጨረሻው ይከታተሉ» ይላል። ከሥሩ የኪቦርድ ዜማ ተነጥፎበታል። የብዙነሽ ፎቶግራፍ ይታያል፤ በግንባሯ ላይ ደግሞ ቪዲዮው የተሠራበት ፕሮግራም ፈቃድ የሌለው ቅጂ መሆኑን የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተጋድሞበታል። ስለ ስርቆት ያስተማረኝ ወንድም ማስረጃውን በሟች ግንባር ላይ አትሞ ስላቀረበልኝ በዚህ ነጥብ ላይ ሌላ ምስክር አልቆጥርም።

6. ሃያ ሁለቱ ደቂቃ ስድስት ደቂቃ ተኩል ሆኗል። የጎደለውን ላስረዳ። በስመ አብ ብላ የጀመረችበት ተቆርጧል። እመቤቴ ማርያም ያለችበት ሁሉ ተቆርጧል። እኔ ስለ ምልጃ ከብዙነሽ ጋር አልስማማም፤ በሰገነት ላይም ተከራክረንበታል፤ «አንቺ ልጅ፥ በእርጥብ ልብስ ላይ አትስበኪብኝ» ብላ ረታኛለች። ነገር ግን በሕይወቷ አባላችን ያልሆነችን ሴት ከሞተች በኋላ በመቀስ አባል ማድረግ ከየትኛው የወንጌል ስርጭት ዘዴ እንደ ተወሰደ ጉባኤው ቢያስረዳኝ እማራለሁ። ለሸዕባን የጸለየችውም ተቆርጧል፤ ስሙ አስደንግጧቸው ይሆናል። እርሱ ዳቦውን ሲያደርስ ግን በስማችን አልደነገጠም።

በመካከሉ ማዳም ስትጠራት «ሐዲር ማዳም!»፥ ማለት እሺ ማዳም፥ ብላ የመለሰችው፥ ወዲያውም ወደ አምላኳ ዞራ «ጌታዬ፥ እዚያው ቆየኝ፤ መጣሁ» ያለችው ተቆርጧል። ከዚያ ቀጥሎ ለአራት ደቂቃ ያህል የሚሰማው የካውያው እንፋሎትና የልብስ ማድረቂያው መዞር ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታ ወንድም ያቤጽ «አራት ደቂቃ ሙሉ ባዶ፥ ማን ይሰማዋል? ቪው ይገድላል» ብሎኛል። ሰው አምላኩን ቆየኝ ብሎ የሄደበት ቦታ ለእርሱ ባዶ ነው። በዚያ አራት ደቂቃ ማን እየጠበቀ እንደ ነበር ግን ከሰባኪ ይልቅ ልብስ ተኳሿ ታውቅ ነበር።

በቴክኖሎጂ ላይ ጥላቻ የለኝም፤ የጆሮ መዝገብን የሠራሁት በእርሱ ነው። የምንቀው ዕቃ በመግዛቱ ብቻ ጥበቡን የያዘ የሚመስለውን ሰው ነው። ክፍሉ ክብ መብራትና ሁለት ካሜራ በገዛበት ሳምንት ሰባኪያችን በስርጭቱ ላይ እንደ ሙሉ ጨረቃ አበሩ፤ ቃላቸው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተሰማም። ወንድም ያቤጽ በዚያ ቀን የሰጠው ማብራሪያ «ምስሉ ግን አራት ኬ ነው» የሚል ነበር። ድምፅ ማጥሪያ የተባለው ፕሮግራሙም የሰውን ትንፋሽ ከጫጫታ ይቆጥራል። ማሽን ነውና አልፈርድበትም። «ይጥፋ ወይ?» ሲለው እሺ ብሎ የተጫነው ጣት ግን የሰው ነው።

7. ወንድም ያቤጽ ያልተቆረጠው ድምፅ በላፕቶፑ ላይ መኖሩን አልካደም። ስለምን እንደማይልክልኝ በስልክ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ፎልደሩን መፈለግ አለብኝ፥ ጊዜ የለኝማ! ደሞ ዓርብ ፎርማት ላደርገው ነው፤ አዲሱ ጌም መቶ ሠላሳ ጊጋ ይፈልጋል።» የብዙነሽ ጸሎት አሥር ሜጋ አይሞላም። በጨዋታው ቦታ እንደ እርሷ ያሉ አሥራ ሦስት ሺህ ጸሎቶች ይቀመጡበት ነበር።

ስለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የማውቀው በወሬ አይደለም። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት ሁለቱ የማዳም ልጆች ሲጫወቱት ሲውሉ፥ መቆጣጠሪያውን ቻርጅ የማደርገው፥ ሩዙን እጃቸው ሥር የማቀርበው እኔ ነበርሁ። ይገድላሉ፥ ይሞታሉ፥ በሦስት ሰከንድ ይነሣሉ፤ ስለ መነሣታቸውም አይደነቁም። ሞት እንዲህ ርካሽ የሆነበት መንደር ውስጥ የሚውል ሰው የሞተችን ሴት ድምፅ ዋጋ መገመት ቢያቅተው ሊገርመን አይገባም። የማዳም ልጆች አሥራ ሁለትና አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ያልፍላቸዋል። ወንድም ያቤጽ ሠላሳ አንድ ሞልቶታል።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር የሆነውንም ጉባኤው አይዘነጋም። ሽማግሌ ባርናባስ በዙም በለይቶ ማቆያ ላሉት ሲጸልዩ፥ የዙሙ አስተናጋጅ ወንድም ያቤጽ ማይክሮፎኑን መዝጋት ረስቶ «ከኋላህ ነው! ከኋላህ! በለው፥ እንዳይነሣ!» ሲል ተሰማ። አንዲት እናትም ሰይጣን የተገሠጸ መስሏቸው «አሜን፥ አይነሣ!» ብለው ተቀበሉ። ያን ዕለት እስኪያመኝ ስቄአለሁ። ያን ጊዜ ከመሳቅ ይልቅ እንዲህ ያለ አቤቱታ ብጽፍ ኖሮ ቡድኑን ለማን እንደማስረክብ ቀድሜ አውቅ ነበር።

8. ወይዘሮ ብርቄ ዘንድሮ ስልክ ገዝተው ቪዲዮውን አገኙትና ለእየሩሳሌም ከፈቱላት። ልጅቱ አሥር ዓመቷ ነው። በማግሥቱ ደወለችልኝ። «እትዬ ዮዳሄ፥ እማዬ ስታወራ ትተነፍስ አልነበር እንዴ?» አለችኝ። ትተነፍስ ነበር አልኋት። «ይቺ አትተነፍስም» አለች። ሙሉው ድምፅ አለ፥ እልክልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

9. ቃል የገባሁት በእጄ በሌለ ነገር ነው፤ የራሴንም ጥፋት ሳልሸፍን እጽፋለሁ። ብዙነሽ ደብቀሽ አቆዪልኝ ያለችኝን አላቆየሁም። ስልኬ ትንሽ ነው፤ ያን ጊዜ የልጆቹን የቤት ሥራ እያነሣሁ ለመምህራናቸው በምልከው ፎቶ ተሞልቶ ነበር፤ ድምፁ በቡድኑ ላይ አለ ብዬ ከስልኬ አጠፋሁት። አራቱ ካርዶች በየሳምንቱ እየተጠረጉ በአዲስ ይሞሉ ነበር። ያወረደች ካለች ብዬ አሥራ ዘጠኝ እህቶች ጠየቅሁ፤ አልተገኘችም። ማሽን ያስቀመጠውን ማሽን ይጠብቀዋል ብዬ አመንሁ። እንግዲህ ወንድም ያቤጽን የምንቅበት ሚዛን እኔንም ይመዝነኛል። ልዩነታችን እኔ የጠፋውን መፈለጌ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው የሚከተለውን እንዲፈጽምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ) ከጥቅምት 5 ቀን በፊት ከሽማግሌዎች አንዱ ወደ ማንጋፍ ሄደው፥ ፋይሉ እስኪገለበጥ ድረስ ከላፕቶፑ አጠገብ እንዲቀመጡ። ባዶ ሚሞሪ ካርድ ከዚህ አቤቱታ ጋር በፖስታ አያይዣለሁ። ፎልደሩን ለመፈለግ ጊዜ ከሌለ ላፕቶፑ ለአንድ ሰዓት ይሰጠኝ፤ እኔ እፈልጋለሁ። ሌላ ነገር አልነካም፤ የሚያጓጓኝም የለበትም።

ለ) ቪዲዮው ከኅብረቱ ገጽ እንዲነሣ።

ሐ) ፋይሉ ሲሰጠኝ ማንም እንዳያጠራው፥ እንዳያሳምረው፥ ዜማ እንዳያነጥፍበት። አራቱ ደቂቃ ባዶም ቢባል ከነባዶነቱ ይሰጠኝ።

ምናልባት ይህ ጽሑፍ ከዓርብ በኋላ ቢነበብ፥ ከተቆረጠው ውስጥ በቃሌ የያዝሁትን በማስረጃነት ከዚህ በታች አሰፍራለሁ፤ በመዝገብ ቤታችሁም እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። ወረቀት ፎርማት አይደረግም። ብዙነሽ ማዳምን ታዝዛ ከተመለሰች በኋላ እንዲህ ብላለች፦

«እሺ ጌታዬ፤ ስለ ቆየኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የት ደርሰን ነበር? እየሩሳሌም ላይ። እየሩሳሌም ልጄ፥ ይህን ከሰማሽ የጫማሽን ቁጥር ለዮዳሄ ንገሪያት። ባለፈው የላክሁት እንደጠበበሽ አክስትሽ ደብቃኛለች። እግርሽ ማደጉን እኔ ከዚህ ሆኜ በምን ልወቅ? ጌታዬ፥ እግሯን አንተ ለካልኝ።»

ከዚህ ቀጥሎ ካውያውን ታነሣለች፤ በረጅሙም ትተነፍሳለች። ቃሏን በወረቀት ላይ ማስፈር ችያለሁ። ትንፋሿን ማስፈር አልችልም፤ እርሱ ያለው ማንጋፍ ነው።

ውሳኔያችሁን ከዓርብ በፊት ከምትጠብቅ፥ ከሰላምታ ጋር

ዮዳሄ ደመቀ
(ፊርማ)
ሳባህ አል-ሳሌም

ዐባሪ፦ አንድ ባዶ ሚሞሪ ካርድ

ግልባጭ፦
ለሚዲያ አገልግሎት ክፍል፥ ማንጋፍ
ለእየሩሳሌም፥ በወይዘሮ ብርቄ በኩል፥ ሞጣ