የጉናን ጭቃ የሚወጣ ጎማ

ደብረ ታቦር
መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለዳኛቸው፣

የሚዛን አገር ሙቀትና ወባ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሺ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፤ ካየሃት ወዲህ ፊቷ ሁሉ ያንተን መስሏል። ክረምቱ ዘንድሮ እስከ መስቀል ድረስ አለቀቀንም ነበር። መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። የጭነት መኪና ሾፌሩ ቢሆነኝ ጤፍ ጭኖ ወደ እናንተ ሊወርድ ነው ሲሉኝ ይህን ጽፌ በእጁ ልኬልሃለሁ። በስልክ የማይነገር ነገር ስላለ ነው።

መኪናዋን አልሸጥናትም። የተጎዳ ጎኗን ወንድምህ ሙሉሐብት አስቀጥቅጦ ካሰራ በኋላ ከገሳይ ድንች ሲያመላልስባት ከርሟል። ከአስፋልቱ ግን አትወጣም ነበር። ወደ ጉና ተራራ ውጣ ሲሉት ፊቱ ይለዋወጣል። እኔም መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ሜዳው ላይ እየተለማመድኩ፣ የሰፈር ሰው እየሳቀብኝ አወጣሁት።

ሐምሌ ላይ ሙላቴ ጎሚስታው ጎማዎቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አንተ የነዳህባቸው እነዚያው ነበሩ፤ ታውቃቸዋለህ። መሀላቸው መላጣ ሆኗል። ሙላቴ «የጭቃ ጎማ ነው የሚያስፈልጋት» አለ፤ ያን ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን። ሙሉሐብት ደግሞ «ለገሳይ ምልልስማ የአስፋልቱ ይበቃናል» አለ። እኔ ሁለቱንም እምቢ አልኩ።

«እስከ ገሳይ አስፋልት ነው» አልኳቸው። «ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ያ ትልቅ ጥርስ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል፤ ቶሎም ያልቃል። ከገሳይ በላይ ደግሞ ኮረትና ጭቃ ነው። የአስፋልቱ ጎማ ጭቃ ሲሞላው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ለሁለቱም የሚሆነውን ፈልጉልኝ።»

«ከገሳይ በላይ ማን ይወጣል?» አለ ሙሉሐብት ቆጣ ብሎ።

የምወጣ መሆኔን እኔም አላውቅም ነበር።

መሀለኛውን ጎማ ለማግኘት ብዙ ተንከራተትን። አንዱ ነጋዴ ጥቁር ቀለም ቀብቶ የሚያብለጨልጭ አወጣልን። ጎንበስ ብዬ በጥርሶቹ መሀል ጣቴን ሳስገባ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጎኑ ላይ የታተመውን የተሠራበትን ዓመት ብናይ የሺ ገና ፊደል ሳትቆጥር የተሠራ ነው። ሌላው ጋ ያለው ደግሞ ወፍራም መሆኑ ደስ ብሎን ነበር፤ ሙላቴ ለሙከራ አስሮት መሪውን እስከ መጨረሻ ብናዞረው ከጭቃ መከላከያው ጋር ተፋተገ። በመጨረሻ ከባሕር ዳር አስመጣን። ጥርሱ መካከለኛ፣ በጥርሶቹ መሀል ጭቃ የሚያስወጣ ክፍተት ያለው፣ ጎኑ ደንደን ብሎ የጉና ድንጋይ ቶሎ የማይቀደው ነው። ስለ ዋጋው አልነግርህም፤ ትደነግጣለህ። ስኮርታውንም አብሬ ለወጥኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የጳጉሜን ዝናብ እየወረደ፣ ጠዋት ከየሺ ጋር ለእንቁጣጣሽ ቤት እያሰናዳሁ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። «አምላኩ ነኝ» አሉኝ። የጉናዋ የትእዛዝ አማት። ትእዛዝ እንደገና አርግዛ ኖሯል፤ ምጥ ይዟታል፣ ልጁም አልወርድ ብሏል። አምቡላንሱ ከገሳይ በላይ ጭቃው አላስወጣውም። የለመኗቸው ባለመኪኖች ሁሉ እምቢ አሏቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «አንቺ ጋ መደወል እንዴት እንደከበደኝ እግዜር ያውቃል። ሌላ በር አጣሁ።»

ለሙሉሐብት ነገርኩት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ የዳኛቸው ወንድም ነኝ» አለኝ። «የታመመ የፊተኛ ልጃቸውን ሆስፒታል ሊያደርስ ሲሮጥ፣ ልጁ በዚህችው መኪና ነው የሞተው። ከወጣሁ መመለሴን በምን አውቃለሁ?»

«ሴት አይነኩም» አልኩት።

«አንቺ ልትነጂ? በዚህ ጭቃ?»

«አዎ።»

ተከትሎኝ እስከ በሩ መጣ። ከዚያ ወዲያ እግሩ አልሄድ አለው። አልፈረድኩበትም፤ አንተም አትፍረድበት።

ገሳይ ደርሼ ከአስፋልቱ ከመውጣቴ በፊት፣ ሙላቴ እንዳሳየኝ፣ ጎማው መሬቱን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝ ከአራቱም ትንሽ ትንሽ አየር አወጣሁ። ፎር ዊሉን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውሰውም። አንተ የወደቅክበት መታጠፊያ ስደርስ ወደ ገደሉ ሳላይ አለፍኩ። የገብሱ ማሳ ሁሉ በጉም ተሸፍኗል። እነሱ ቤት አጠገብ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። አባባ አምላኩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ናቸው፤ ጠመንጃቸው ትከሻቸው ላይ ነው።

ወረድኩ።

«አንቺ ነሽ የነዳሽው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እሱስ?»

«እዚህ አገር የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ አልገባም።»

እኔን ትተው ጎማዎቹን አዩ። ዞረው አራቱንም አዩ። ከዚያ ጠመንጃቸውን ለሌላው ልጃቸው ሰጥተው «አምጧት» አሉ።

ትእዛዝን በቃሬዛ አምጥተው ከጎኔ አስቀመጧት፤ እሳቸውና ባሏ ከኋላ ገቡ። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል፤ አንተ ታውቀዋለህ። መታጠፊያው ስንቃረብ ትእዛዝ ዓይኗን ገለጠች።

«እዚህ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እህቴ።»

«አትቁሚ። ዝም ብለሽ ንጂ።»

እዚያው ላይ የመኪናዋ ጅራት ወደ ገደሉ ሸተት አለ። ከኋላ አባባ አምላኩ «እግዚኦ» ሲሉ ሰማሁ። ፍሬን መርገጥ አማረኝ፤ ግን እግሬን ሰበሰብኩ። መሪውን ወደ ሸሸበት ዘወር አደረግኩና ጠበቅኩ። ያን ጊዜ ጎማው መሬቱን ሲነክስ በመቀመጫዬ ተሰማኝ። ዳኛቸው፣ ያን ጊዜ አንተን ነው ያሰብኩህ። ያን ዕለት አንተም መሪውን ወደ ሸሸበት ዘወር አድርገህ ጠብቀህ ነበር። እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ አነዳድህን አውቀዋለሁ። ግን የሚነክስልህ ነገር አልነበረም። ለዚያች ለአንዲት ቅጽበት እዚያው አብሬህ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ገሳይ ላይ አየር ለማስሞላት አልቆምኩም፤ በአስፋልቱ ዝግ ብዬ ነዳሁ። ትእዛዝ ሆስፒታል ገብታ ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቱ መጀመሪያ አላለቀሰችም። ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ መሬት መሬት እያየን ቆመን ነበር። በኋላ ግን አለቀሰች፤ እንዴት ያለ ለቅሶ መሰለህ! አባባ አምላኩ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ልሄድ ስነሳ ጠሩኝ። ያሉኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

«ለባልሽ እንዲህ በዪው። የሞተው የእኛ ልጅ ነው፤ ይቅር የምንለውም እኛ ነን። ሊያደርስልን ሲሮጥ ነው የወደቀው። ደም የለበትም። ሽማግሌም አይላክብን፣ ራሱ በእግሩ ይምጣ።»

የትእዛዝ ባልም አጠገባቸው ቆሞ «እውነት ነው» አለ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። ማታ ለሙሉሐብት ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ መኪናዋን ይዞ ትእዛዝንና ልጇን ራሱ ወደ ላይ ወሰዳቸው።

ልጅቱን ክርስትና በኅዳር ጽዮን ሰሞን ነው የሚያስነሷት። የክርስትና እናት እንድሆን ጠይቀውኛል፤ እሺ ብያለሁ። እንግዲህ አገርህ ለመግባት የሚከለክልህ ነገር የለም። በጉናም በገሳይም ቀና ብለህ መሄድ ትችላለህ። ይህን ማድረስ የእኔ ግዴታ ነበር፤ አደረስኩ።

ይህንኑ የምሥራች ልነግርህ ያን ዕለት ከሆስፒታሉ በር ላይ ደውዬልህ ነበር። ስልክህን አንዲት ሴት አነሳችው። «ተኝቷል፣ ልቀስቅሰው?» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ከኋላዋ ሕፃን ይነጫነጭ ነበር። «አትቀስቅሽው፣ ይረፍ» ብዬ ዘጋሁት። ድምፅዋ ትሁት ነው። በወባው አገር ለሕፃኑ አጎበር ግዙለት።

የሺ ስለ አንተ ስትጠይቀኝ ሥራ ላይ ነው እላታለሁ። ከእንግዲህ የምላትን አንተው ጽፈህ ላክልኝ፤ እኔ መዋሸት ደክሞኛል።

ታቦር ኢየሱስ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፤ እጅህንም እግርህንም ያጽናልህ። በቤትህ ያሉትን ሁሉ ይባርክልህ።

የየሺ እናት፣
ስርጉት