እጅ ላይ የተጠመጠመ ገመድ

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ከሱሉልታ አሁን ገባሁ። እግሬ ዝሏል። አራተኛ ትምህርቴ ነው... ፈረስ የሚያስተምሩኝ ኦቦ ያደታ ዛሬም አላስጋለቡኝም። ዳማዋን ባዝራ በገመድ እየሳብኩ ሜዳውን ስዞር ዋልኩ።
እንዳታመልጠኝ ገመዱን እጄ ላይ ስጠመጥም አዩኝ። መጥተው ቀስ ብለው ፈቱት።
«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፈረስ ከደነበረች ማንንም አትጠብቅም። አጣጥፈሽ ጨብጪው እንጂ አትጠምጥሚው። ሄደች? ትሂድ። ትመለሳለች።»
በሆዴ ሳቅሁ። ይቺ እንደ በግ የምትከተለኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ኢብሮ «እሑድ አብሬሽ እመጣለሁ» አለ። አምስት ዓመት በትዳር ኖረን፣ ባሌ ፈረስ እንደሚወድ ዛሬ ሰማሁ። ሱቁን እህቱ ራቢአ ትይዝለታለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 23
ሆስፒታል። ሁለት ጣት... መጻፍ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
ልጻፈው።
ኦቦ ያደታ ኮርቻ ሊያመጡ ጋጣ ገቡ። ኢብሮ ዳማዋን ይዞ አስፋልቱ ዳር ቆመ። እኔ በስልኬ እቀርጸዋለሁ። ገመዱን ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመው። አየሁ። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? አምሮበት ስለነበር?
ድንጋይ የጫነ አይሱዙ አጠገባችን ክላክስ ነፋ። ባዝራዋ በረረች። ኢብሮ ሣሩ ላይ ሲጎተት አየሁ። ስልኩ ከእጄ ወደቀ።
ስደርስ ገመዱ ለቆታል። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ የሉም። ደሙ ብዙ አልነበረም። ከሁሉ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ኢብሮ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያየዋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29
ቡራዩ፣ ቤታችን ገባን። ሰው ሞልቷል። ሁሉም ፈረሷን ይረግማል። ኢብሮ «ተዉአት፣ የራሴ ጥፋት ነው» ይላል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። እኔን የሚረግም የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ቪዲዮውን ላጠፋው ከፈትኩት።
ድምፅ አለው። የኔ ድምፅ። እየሳቅሁ... «ከካሜራው ልትወጣብህ ነው እኮ፣ እጅህ ላይ ጠምጥመህ ያዛት።»
ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ዝም ያልኩ መስሎኝ፣ ስንት ቀን ዝምታዬን ስወቅስ ከረምኩ። ዝም አላልኩም። ጠምጥም ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ከገዛ አፉ የወጣውን እንዴት ይረሳል?

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ቪዲዮውን ለኢብሮ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አላየውም። ስልኩን በግራ እጁ ገልብጦ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው።
«አውቃለሁ» አለ።
«ምኑን?»
«ሰምቼሻለሁ። እዚያው ነበርኩ እኮ፣ ጀዋሂር።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»
«እንዳላስታወስሽው ገባኝ። ምን ብዬ ላስታውስሽ?»
እንባ እንኳን እምቢ አለኝ። ለጠያቂው ሁሉ «የራሴ ጥፋት ነው» ሲል... እያወቀ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 21
ሱሉልታ ሄድን። ዳማዋ ገመድ ስታይ ትንቀጠቀጣለች። ኦቦ ያደታ «እሷም ተጎድታለች። ከሀ ጀምሩ» አሉን። ያለ ገመድ፣ ከጎኗ፣ ዝም ብዬ ስራመድ አረፈድኩ። «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፣ ቀስ በይ ማለታቸው ነው።
ኢብሮ አጥሩ ጋ ቆሟል። ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ጠራኝ።
«ጃኬቴን ቆልፊልኝ።»
ከተጎዳ ወዲህ ለእንዲህ ያለው ነገር ራቢአን ነበር የሚጠራው። ቆለፍኩለት።
«አንቺ እዚህ ቆዪ» ብሎ ወደ ሜዳው ገባ። ከባዝራዋ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆመ። አልጠራትም፣ እጁን አልዘረጋም። ብዙ ጠበቀ።
የመጣችው እሷ ናት።