እህቴ ትናገራለች

ይህን የምትጽፈው ያንቺው ልጅ ውባለም ናት። ልብስሽን ልትወስድ እዚህ መርሳ መጣች፤ ደብዳቤ ሳላስጽፍሽ አልለቅሽም ብዬ አስቀመጥኋት። ፊደል አልቆጠርሁም፣ ቃሌን ግን ማንም እንዲያቃናልኝ አልፈልግም። እንዳልሁት ትጽፋለች።

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የወልድያ አየር ተስማማሽ ወይ? እኔ ጉልበቴ እንቢ አለኝ እንጂ ደኅና ነኝ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። የጓሮሽ ማንጎ አፍርቷል፤ ጦጣ ነው የሚበላው።

ልጆችሽ አስጠልተውኛል። «እማዬ ከታመመች ወዲህ ታጉረመርማለች እንጂ አትናገርም» ይላሉ። ወልድያ ሊወስዱሽ ሽማግሌ ተቀምጦ «ከቤቴ አታውጡኝ» ስትይ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ያልሽውን ስነግራቸው ይቺው ውባለም «አጎቴ፣ ከራስዎ አውጥተው ነው» አለችኝ። ጻፊው! ምን ያስቆምሻል?

ጎረቤታችን አብዱልሐሊም ግን ሰው ነው። እኔን ወደ ውጭ አስወጥቶ፣ አንቺ እያየሽ የጸሎት መቁጠሪያውን ደበቀ። ገብቼ ብጠይቅሽ «ከእንስራው ሥር» አልሽኝ፤ ሄጄ አወጣሁት። ያ የተማረው ልጅሽ ዓለምነህ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ገምተው ነው!» ቱ! በነጋታው እንደ ጆንያ ሚኒባስ ላይ ጫኑሽ።

እኔስ ጠንቋይ ነኝ እንዴ? መጀመሪያ ለእኔም ጩኸት ብቻ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አጠገብሽ ተቀመጥሁ። «ውሃ» ስትይ ድምፅሽ በየት በኩል እንደሚሄድ ያዝሁ፤ አንዱን ስለምደው ሌላው እየተከፈተልኝ መጣ። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማሻለሁ። እነሱ በር ላይ ቆመው «እንዴት አደርሽ» ይላሉ፤ መልሱን ሳይጠብቁ ይወጣሉ። የራሳቸው ጆሮ ሳይለምድ ያንቺን አፍ ዲዳ አሉት። እንዲህ ያለ ልጅ ያንገሸግሸኛል!

ሚኒባሱ ሲነሳ የማንን ስም እየጠራሽ እንደነበር እኔ ብቻ ሰማሁ። ሌላው «አመማት» አለ። ስሙን እዚህ አላስጽፍም። ውባለም ይህን ወረቀት ስታነብልሽ ራስሽ ንገሪያት፤ እስኪገባት ድረስ ደጋግመሽ ንገሪያት። እሷም ከአጠገብሽ አትነሳም፣ አዝዣታለሁ።

አምላክ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ለደጅሽ ያብቃሽ። የቤትሽ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፤ ለማንም አልሰጥም።

ወንድምሽ ነኝ።

በይ ውባለም፣ አሁን አንብቢልኝ። እያለቀስሽም ቢሆን አንብቢው፤ እኔ እሰማሻለሁ።