ያልደወልኩት ስልክ

ጁን 27፣ ሐሙስ

እዚህ ላይ ለመጻፍ እንኳ አፈርኩ... አልደወልኩም።

ከእራት በኋላ በእማዬ ስልክ ላይ መልእክት መጣ። የአዲሱን ስልኳን ዋስትና ማራዘም የሚቻለው በተገዛ በሁለት ወር ውስጥ ነው፣ ስድስት ቀን ቀርቷል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ ይላል። መደወል ብቻ። ሌላ መንገድ የለውም።

እማዬ አትሰማም። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ስለዚህ መደወል ሲመጣ እኔ ነኝ። ባንክም እኔ፣ ክሊኒክም እኔ፣ የቤት አከራዩ ዘንድም እኔ። በዚሁ የተነሳ ከትምህርት ቤት የቀረሁባቸው ቀኖች ቢቆጠሩ አንድ የትምህርት ዓመት ይወጣቸዋል።

ስልኩን ሰጠችኝና በእጇ «ደውዪላቸው፣ ዛሬውኑ» አለችኝ።

በረንዳ ወጣሁ። ቁጥሩን ጻፍኩ። አውራ ጣቴ አረንጓዴዋ ቁልፍ ላይ ደርሳ ቀረች። ሰው ያነሳል። ስም ይጠይቃል። «እናትሽን አቅርቢልኝ» ይላል፣ ሁሌ እንደዚያ ይላሉ። አትሰማም ስል ዝም ይላሉ። ያን ዝምታ አልችለውም።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ከአንድ እስከ ስልሳ ቆጠርኩ። መቁጠሩ ሲሰለቸኝ የጎረቤታችንን የማዳም ኮርሚዬን ድመቶች ስም ጠራሁ። ከዚያ ገባሁና «አልቋል» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጁን 28፣ ዓርብ

ዛሬ እደውላለሁ።

...አልደወልኩም።

ጁላይ 1፣ ሰኞ

በዓል ነው፣ እማዬ የምትሠራበት ፋብሪካ ዝግ ነው። ስለዚህ ማታን ሳትጠብቅ አክስቴን ሶላንዥን በቪዲዮ አገኘቻት። አክስቴ ኤድመንተን ነው የምትኖረው፣ አገሩን ሙሉ ተሻግሮ። እሷም አትሰማም። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው በየቀኑ በእጃቸው ያወራሉ። ሲስቁ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል።

«ያቺ ዓይን አፋርሽስ የት ተደበቀች?» አለች አክስቴ።

«ከኋላዬ ናት። ሐሙስ ዕለት በረንዳ ላይ ቆማ ለኩባንያው ስታወራልኝ ነበር።»

«በአፏ? እሷ?»

«አዎ። ብዙ አወራች።»

ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ።

አምና አሮጌው ስልኳ ፋብሪካው ውስጥ ጨው ውኃ ገብቶበት ሞተ። ሸርጣን የሚያሽጉበት ቦታ ሁሉ ነገር እርጥብ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እህቷን አላየቻትም። መጻፍ ይቻላል፣ ግን ለእነሱ መጻፍ ማውራት አይደለም። እማዬ ስትጽፍ ቃላቱ ቦታቸውን ይስታሉ፣ ታፍራለች። ያኔ እራት ከበላች በኋላ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። እንደታሰሩ።

ያንን አይቼ እያለሁ ነው እንግዲህ ያልደወልኩት።

ጁላይ 4፣ ሐሙስ

ሌላ መልእክት መጣ። ጊዜው ትናንት አብቅቷል። እማዬ ሳታየው አጠፋሁት።

አንድ ያልገባኝ ነገር... እማዬ ጠዋት ስልኳን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ በላስቲክ አሰረችው። ባለፈው ሳምንት እንደዚህ አታደርግም ነበር። ዋስትና አለው ብላ እያመነች ለምን?

ጁላይ 8፣ ሰኞ

ስልኩ ወደተገዛበት ሱቅ በብስክሌት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ብዙ ቆምኩ። ገባሁ።

«አቤት፣ ምን ፈለግሽ?» አለኝ ሰውየው። ሽማግሌ ነው፣ ደረቱ ላይ ኖርበር የሚል ስም ለጥፏል።

ሁሉም ነገር ከአፌ ጠፋ። ቻርጀር ገዝቼ ወጣሁ። ቻርጀር አለን። አሁን ሦስት አለን።

ጁላይ 10፣ ረቡዕ

ተናገርኩ! በአንድ ትንፋሽ ነው ግን ተናገርኩ።

«ቀኑ ካለፈ በኋላ ለእናቴ ስልክ ዋስትና መግዛት ይቻላል?»

«የቻርጀሯ ልጅ!» አለ። «ስንት ቀን አለፈ?»

«ሰባት።»

«ስልኩ ተሰብሯል?»

«ደህና ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ዋስትና የሚያምራቸው ከተሰበረ በኋላ ነው።» ሳቀ፣ ግን በክፋት አይደለም። «ስሚ፣ እናትሽ ራሷ ይዛው ትምጣ። እዚሁ አየዋለሁ። ደህና ከሆነ ለአለቆቼ ማመልከቻ እጽፍላታለሁ። እሺ ይላሉ አልልሽም። አንዳንዴ ይላሉ።»

«እኔ ባመጣውስ?»

«የስልኩ ባለቤት ናት የምትፈርመው።»

«እናቴ... አትሰማም።»

ያ ዝምታ መጣ። ጠበቅኩት። አጭር ነበር።

«ታያለች አይደል? እንግዲያው ትምጣ።»

መንገዱን ሁሉ አሰብኩ። እሷ ካልሄደች አይሆንም። እንድትሄድ ደግሞ መንገር አለብኝ። በረንዳውን። ቆጠራውን። ድመቶቹን።

ጁላይ 13፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ድንች እየላጠች ነበር። ፊቷ ቆሜ ትከሻዋን ነካሁ። በእጄ ስነግራት ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አልደወልኩም፣ ዋሸሁሽ፣ ቀኑ አለፈ አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«በመስኮት አየሁሽ። ከንፈር ማንበብ እንደምችል ረሳሽ እንዴ? ቆጠርሽ፣ ቆጠርሽ... አርባዎቹ ጋ ኩባንያው ምን ዓይነት ሒሳብ ይጠይቃል ብዬ አሰብኩ። የማዳም ኮርሚዬን ድመቶች ስም ለምን እንደነገርሻቸው ግን እስካሁን አልገባኝም።»

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። አንድ ላይ ነው የመጣው።

«ያጠፋሽውንም መልእክት ከማጥፋትሽ በፊት አንብቤዋለሁ» አለች።

ፌስታሎቹ ትዝ አሉኝ። ለካ ለዚያ ነው...

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

እጆቿን ቀስ አድርጋ አንቀሳቀሰች። «ትነግረኛለች ብዬ አንድ ቀን ጠበቅኩ። ሁለት ቀን። ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ፣ አንቺስ ራስሽ ወደ ሱቁ ለምን አትሄጂም? ወረቀት ጽፌ መሄድ እችል ነበር። ጽሑፌን አይተው እንዳይስቁ ፈራሁ። እኔም አልሄድኩም። እኔም እንዳንቺው።»

«እኔ ግን ዋሸሁ።»

«እኔም ስዋሽ ነው የኖርኩት። ሰው ሲያናግረኝ ሳይገባኝ እሺ እሺ እያልኩ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሠላሳ ዓመት።» ጉንጬን በጣቷ ነካች። በእጅ ቋንቋ ስሜ እንደዚያ ነው፣ ጉንጬ ላይ ስርጉድ ስላለኝ። «ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ ሐኪሙ ስለ ጡቴ እብጠት ያለውን አንቺ ነገርሽኝ። ትዝ ይልሻል? ክፉ አልነበረም፣ ግን አንቺ ምንነቱ ሳይገባሽ ገርጥተሽ ነበር። አፌ እንድትሆኚ አይደለም የወለድኩሽ።»

አቀፈችኝ። እጇ ድንች ድንች ይሸታል። ስትይዘኝ በእጇ ማውራት አትችልም፣ ቢሆንም አልለቀቀችኝም።

ጁላይ 14፣ እሑድ

ስለ ሱቁ ሁሉንም ነገርኳት። «አንዳንዴ እሺ ይላሉ» ማለቱንም፣ ላይሉ እንደሚችሉም። «ካላሉ ፌስታል አለን» አለች።

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ወረቀት ጻፈች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ሰረቅ አድርጌ አየሁት፣ ከሥሩ ስሟን ጽፋለች።

«ስልክ የኔ። ቀን አለፈ አሥራ ሁለት። ስልክ ደህና። እባክህ እይ። ጊሌን።»

«ላስተካክልልሽ?» አልኳት።

ወረቀቱን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። «አይሆንም። ስህተቱም የኔ ነው።»

አክስቴ ዛሬ ወሬውን ሰማች። ስለ ድመቶቹ ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ነገ ከፋብሪካ ስትወጣ በር ላይ እጠብቃታለሁ። አብረን ወደ ሱቁ እንገባለን፣ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድ ነገር ብቻ በራሴ አፍ እላለሁ፦ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወረቀቱን እሷ ትሰጠዋለች። ሰውየው አንብቦ ቀና ሲል፣ እንደ ሁሉም ሰው እኔን ካየ... አልመልስለትም። በጣቴ ወደ እማዬ አሳየዋለሁ።