ካቢኔታችሁን ስለተሸከሙት ሦስት ኩቦች

ለተከበሩ የግንባታ ዕቃዎች ምርመራ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እግርዎስ ደህና ነው? እግርዎን የጠየቅኩት ወድጄ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት በርዎ አጠገብ የቆመውን የብረት ካቢኔት ካየሁ ወዲህ፣ ሲገቡና ሲወጡ እያሰብኩ ልቤ አላረፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ፣ ልጄ ለምርመራ ያስገባቻቸው ሦስት የኮንክሪት ኩቦች የት ደረሱ ብዬ ቢሮዎ ከች አልኩ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶዬ ወደቀ፤ ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ልጄ ኩቦቹ ላይ በምስማር የጻፈችው ቀን ከካቢኔቱ ስር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሦስቱም እዚያው፣ በካቢኔቱ ሦስት እግሮች ስር ናቸው! እጄን ስዘረጋ ጸሐፊዎ ደንግጠው፣ «ጋሼ፣ በሞቴ እንዳይነኩት፤ ይወድቅብናል!» አሉኝ።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ትንሽ ብሎኬት ማምረቻ አለችን። ሲሚንቶ ዋጋው አይቀመስም። ልጄ የሩዝ ወፍጮ የሚጥለውን ገለባ አቃጥላ፣ አመዱን ነፍታ፣ ከአስር እጅ ሲሚንቶ አንዱን እጅ በአመድ ትተካለች፤ ኩቦቹም የዚሁ ናሙና ናቸው።

ቅሬታዎቼ፦

1ኛ. ኩቦቹን ከአራት ወር በፊት ከነክፍያው ተረክባችኋል። ስለ ደረሰኙ አመሰግናለሁ፤ ማህተሙ በጣም ያምራል።

2ኛ. ባለፈው ሳምንት «አመድ ጭነት ስለማይችል ናሙናውን መመርመር አላስፈለገም» ብላችሁ ጻፋችሁ። ጸሐፊዎ እንደነገሩኝ ካቢኔቱን የሞላው ውድቅ የተደረገ ማመልከቻና የመልሱ ግልባጭ ነው። እንግዲህ ኩቦቹ ጭነት አይችሉም የሚለውን የራሳቸውን ደብዳቤ ተሸክመው ቆመዋል ማለት ነው። ይሄ ምርመራ እንደማይባል አውቃለሁ፤ ግን ከእናንተው ይሻላል።

3ኛ. የባለቤቴ የዱቄት ወንፊት። አመድ ነፍተንበት እንዳልነበር ሆነ። በዚህ እናንተ የላችሁበትም፤ ዝርዝር ከጀመርኩ ማቆም አልችልም።

4ኛ. ይሄኛው ቀልድ የለውም። ልጄ የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ በዚሁ ብሎኬት ልታነጥፍ ተመርጣለች፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። የምርመራውን ውጤት እስከ አርብ ካላመጣች ለሌላ ይሰጣል። ደብዳቤያችሁ ከደረሳት ጀምሮ የገለባ ማቃጠያውን በርሜል ገልብጣ ቁጭ ብላበታለች። ካልቻለ አልቻለም ይባል፤ ግን ጭነት በሚለካው ማሽናችሁ ላይ ይታይ። ልጆች የሚሮጡበት ነገር ስለሆነ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ለካቢኔቱ መደገፊያ ደህና ጣውላ ይዤ እመጣለሁ። ኩቦቹንም እስከ ማሽኑ ድረስ ራሴ እሸከማለሁ፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ማሽኑን ማስነሳት ብቻ ነው።

ከካቢኔትዎ ራቅ ብዬ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከመጠነኛ ስጋት ጋር፣
የኩቦቹ ባለቤት አባት

ሳልረሳው፦ በአራተኛው እግር ስር ያለው የራሳችሁ ብሎኬት፣ አመድ ያልነካው፣ ተሰንጥቋል። የምርመራውን ክፍያ እኛ ከፍለናል። የሦስቱ ኩቦች የአራት ወር ኪራይ ግን እስካሁን አልተከፈለም።