የእናታችን ቀሚስ ለምን እንደዘገየ

ዳንግላ፣ ጥር 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለማናለብሽ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና አይደለሁም። «ውድ እህቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ ዕለት አክስታችን እህተማርያም ገበያ መሃል አስቁማ «ማናለብሽ ለእናቷ የላከችውን ቀሚስ አንቺ ልትለብሺው አስቀርተሻል አሉ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማን እንዳወራላት አውቃለሁ። ማታውን አንቺው ደውለሽ «አንድ ቀሚስ ለማጥበብ ይህን ያህል ጊዜ? እዚህ አዲስ አበባ ሰፊው ደጃፍ ቁጭ ብለሽ ጠብቀሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ያን ጊዜ መመለስ አቅቶኝ እንዳይመስልሽ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ እማ አጠገቤ ተኝታ ነበር። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ምንይችል ይዞልሽ ይመጣል።

ቀሚስ ማጥበብ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ልንገርሽ። የላክሽው ጥለቱ ዙሪያውን የዞረ ነው። ጎኑን ሰብሰብ አድርጌ ብሰፋው የጥለቱ መስቀሎች ለሁለት ይቆረጣሉ። መጀመሪያ ስፌቱ በምላጭ ጫፍ ይተረተራል፤ ሸማው ስስ ነው፣ ከቸኮልሽ ይቀደዳል። ከዚያ መለካት፣ በመርፌ አያይዞ ማልበስ፣ አውልቆ ደግሞ በስፌት መኪና መስፋት፣ ጠርዙን መዘምዘም፣ በከሰል ካውያ መተኮስ አለ። ይህን ሁሉ ወጥ እያማሰልኩ፣ ልሰፋው የተቀበልኩት የሰው ዩኒፎርም እየጠበቀኝ፣ በሽተኛ እያገላበጥኩ ነው የምሠራው። ሳምንት ይፈጃል። እሱም አንዴ ለማጥበብ ነው።

እኔ ግን አንዴ አላጠበብኩም።

ለመስቀል ለክቼ ሰፋሁላት፤ ልክክ አለላት። ደስ ብሏት ደመራ ሄደች። ለኅዳር ሚካኤል ስትለብሰው ከትከሻዋ ተንሸራተተ። «ምን ዓይነት አሰፋፍ ነው? ደህና አድርገሽ አልለካሽኝም» ብላ ተቆጣችኝ። እንደገና ተረተርኩት። ለገና ስታጠልቀው ውስጡ የጠፋች መሰለኝ። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዙሬ ቁጥሩን ሳየው ቶሎ ጠቀለልኩት።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

«ያው ነው እማ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ስፌት አትችይም ማለት ነዋ!»

«አዎ፣ አልችልም» አልኳት። ምን ልበላት? አንቺ ፎቶ ስትጠይቂኝ «ገና እያጠበብኩት ነው» የምልሽም ለዚህ ነው።

በገና ማግስት እየጮኸችብኝ እንጅባራ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ሆዷ ውስጥ እብጠት እንዳለ፣ ባሕር ዳር ቶሎ እንድትታይ ነገረኝ። እማ ምን እንዳለኝ አልጠየቀችኝም። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ክንዴን ጨብጣ «ለማናለብሽ ብትነግሪያት የጠባሽው ጡቴ ይፋረድሽ። ባሕር ዳርም የሚባል ነገር አልሰማም» አለችኝ።

ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰነፍ ስትዪኝ ዝም፣ ሌባ ስታሰኚኝ ዝም። አንቺ ከአባታችን ተዝካር ወዲህ እግርሽ ዳንግላን አልረገጠም። ልብስ ትልኪያለሽ፤ «ለብሳ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ትያለሽ። ፎቶውን ለማን ልታሳዪው ነው? ሌሊት ደግፎ የሚያስነሳት ማን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?

ትናንት ቀሚሱን ደግሜ ላጠብብ ስፌቱን መተርተር ስጀምር ከእጄ ነጠቀችኝ። «ተይው፣ ሰፊ ይሁን» አለችኝ። «ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረስ በዓል ማናለብሽ ብትመጣ፣ ሰፊ ልብስ ሰውነት ይሸፍናል። በላዩ ጋቢ እደርብበታለሁ።» ያን ጊዜ ሁሉንም እንደምታውቅ ገባኝ። ስፌት አትችይም ብላ የሰደበችኝ ሁሉ፣ እያወቀች ነበር።

ይኸው ነገርኩሽ። የጡቷ እርግማን ከደረሰም በእኔ ይድረስ።

ይቅር ብዬሽ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ብትመጪም አቅፌ የምስምሽ አይመስለኝም፤ አክስታችንም ዘንድ ሄደሽ ያወራሽውን ራስሽ ታስተባብያለሽ። ግን ነይ። ባሕር ዳር እንድትሄድ እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛት እምቢ ብላኛለች። አንቺን እምቢ አትልሽም። ከልጅነታችን ጀምሮ አንቺን እምቢ ብላሽ አታውቅም።

ይህን ስጽፍልሽ በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። እማ ከተኛችበት ተነስታ ጋቢዋን አስተካከለች፤ ፀጉሯን በመዳፏ ዳበሰች። ለካ የጎረቤት እንግዳ ነው። ተመልሳ ተኝታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እመብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ታፍጥንልሽም።

እህትሽ ወርቅአየሁ