በባነር ላይ ስለጎበኘነው ቤተ መንግሥት

ለተከበሩ የቤተ መንግሥቱ ጉብኝት አስተባባሪ
ደሴ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለበርዎ ቁልፍ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ኮምቦልቻ የምኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ እናቴ ወይዘሮ ከሪማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይኗ ሞራ ተገፍፎላት ወደ ቤቷ ሐርቡ ስንመለስ፣ ቤተ መንግሥትዎን ላሳያት ጎራ ብለን ነበር። አባቷ በጉልምስናው የአዳራሹን ጣሪያ በቆርቆሮ ካደሱት አናጢዎች አንዱ ስለነበር፣ ዓይኔ ከበራ መጀመሪያ የማየው ያንን ጣሪያ ነው ስትል ዓመታት ቆይታለች።

ስለተደረገልን አቀባበል ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. በሩ ተቆልፎ ስለጠበቀን እናመሰግናለን። ጥበቃው እንደነገሩን ቁልፉ በአስጎብኚው እጅ ሲሆን፣ አስጎብኚው ደግሞ የእንግዳ አቀባበል ሥልጠና ሊወስዱ ኮምቦልቻ ወርደዋል፤ ሥልጠናውም ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ቀደም ብለው ቢያሳውቁን እዚያው ሰፈሬ ይቀበሉኝና ሁላችንም ከዳገቱ እንተርፍ ነበር።

2. በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀን ዓይናችንን እንዳናደክም ከዳር እስከ ዳር ስለዘረጉልን ባነርም ምስጋናችን ይድረስዎ። «እንኳን ወደ ታሪካዊው ቤተ መንግሥታችን በደህና መጡ» ይላል፤ ከጽሑፉ ሥር ያለው ፎቶ ግን የጎንደሩ ፋሲል ግንብ ነው። በደሴ ባጃጅ ጎንደር የደረሰ ሰው ከእኛ በፊት ያለ አይመስለኝም።

3. ይህኛው ይከብደኛል። እናቴ ባነሩ ፊት ቆማ ብዙ ካየች በኋላ፣ አባቴ ይህን ያህል ትልቅ ነው ብሎ አልነገረኝም፣ ድሮም ጉራ አያውቅም አለችኝ። ግንቡ የሌላ አገር ነው፣ የአባትሽ ቆርቆሮ ከኋላው ነው ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ተናድጃለሁ፤ ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም።

ስለዚህ ሥልጠናው ሲጠናቀቅ ቁልፉ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ እናቴ እውነተኛውን ጣሪያ እንድታይ አንድ ቀን በሩ እንዲከፈትልን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ዕድሜዋ ሰባ አራት ነውና እንደ ሥልጠናችሁ በየጊዜው የሚራዘም አይደለም።

ከተቆለፈው ደጅዎ ፊት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ታዛዥዎ ሙንዚር የሱፍ
ከኮምቦልቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ከመሄዳችን በፊት እጆቿን ዘርግታ፣ ያረብ፣ ይህን ቤት እንዲህ አሳምረው የያዙትን ጠብቅልን ብላ ረጅም ዱዓ አድርጋለች። ዱዓው የተደረገው ፎቶው ላይ ላለው ቤት ጠባቂዎች ስለሆነ፣ እርስዎ ድርሻ አለኝ የሚሉ ከሆነ ጎንደር ድረስ ሄደው እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።